ወንዙን በክረምት እዩት፣ ፈቃዱን ከዚያ ስጡ፦ ለከተማችን ፕላን ገምጋሚዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በደሴ ከተማ የግንባታ ፕላን ለምትገመግሙ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች። እንዲሁም በጅረቱ ዳር ቤት ለመሥራት ለተደራጃችሁ የማኅበሩ አባላት። ግልባጭ ለሰፈራችን ሰው ሁሉ።

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ጉዳዬ አንድ ነው። ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈራችንን ለሁለት ከፍሎ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገባው ጅረት ዳር 20 ያህል መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩ ታስቧል። ፕላኑ ለአስተያየት ተለጥፏል። አንብቤዋለሁ፤ ቦታውንም ከሰፈሩ አባቶችና ከወጣቶቹ ጋር ዞረን አይተነዋል። ቤቶቹ አይሠሩ አልልም። የምለምነው ወንዙን ተጠግቶ የተሰመረው የታችኛው ረድፍ እንዳለ እንዳይጸድቅ ነው። ጅረቱም በክረምት ሳይታይና ሳይለካ ፈቃድ እንዳይሰጥ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ «እናንተ ቤት አላችሁ፣ የሌላውን ለምን ታሰናክላላችሁ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቤት ያለው ሰው የኪራይ ጭንቀት በቀላሉ አይገባውም። ማኅበሩን የመሠረቱት አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ደግሞ ጠባብ ናት። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዟት ወዴትም መስፋት አትችልም፤ በጦርነቱ ጊዜና ከዚያም ወዲህ የመጣውም ሰው የሚያርፍበት ጣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ያስፈልጋል፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ልብ በሉ፤ እንደኛ ባለ ተራራ ሥር በተቀመጠ ከተማ ሜዳ የሆነ መሬት ስታዩ ማን ሜዳ አደረገው ብላችሁ ጠይቁ። ከወንዝ ዳር ያለው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ወንዙ ራሱ ደለል እያመጣ ያነጠፈው ነው። አንዴ የመጣበትን ቦታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣበታል።

አሁን ወደ ፕላኑ ልግባ። ጅረቱ በወረቀቱ ላይ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነው። ከመስመሩ 5 ሜትር ተትቶ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ይጀምራሉ። ጥያቄዬ 5 ሜትሩ ከየት ተነስቶ ነው የተለካው የሚል ነው። ልኬቱ የተወሰደው በየካቲት ነው። በየካቲት ያ ጅረት ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው፤ እናቶች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ልብስ ያጥቡበታል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከዚያ ውሃ ጠርዝ 5 ሜትር ተለካ ማለት በክረምት ወንዙ መሀል ተለካ ማለት ነው። የወንዝ ዳርቻ የሚባለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲሞላ የሚደርስበት ነው፤ በበጋ ከስቶ የሚሄድባትን መስመር ማንም የሰፈር ሰው ዳርቻ ብሎ አይጠራትም።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከእንጨቱ ድልድይ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በፕላኑ መሠረት በታችኛው ረድፍ ከሚሠሩት ቤቶች በአንዱ ግቢ ውስጥ የሚቀር ዛፍ ነው። ጠጋ ብላችሁ ግንዱንና ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች እዩ። ፌስታል ተጠምጥሞበታል፣ ገለባ ተሰክቶበታል፣ የአንድ ነጠላ ጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እነዚህን ያንጠለጠላቸው ውሃ ነው። ከፍታው የቆመ ሰው ደረት ይደርሳል፤ ግንዱም ከላይኛው በኩል በጎርፍ ድንጋይ ተልጧል። አሁን እዚያ ከፍታ ላይ ሳሎን አስቡ። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎ የተኛው ልጅ ሁሉ ከዚያ በታች ነው።

የኛ ጅረት ዓይነት ወንዝ ደግሞ ቀስ ብሎ አይሞላም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳም ከበላይዋ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ተዳፋቱ አጭርና ጎድጓዳ ቦታ የሌለው ስለሆነ ላይ የዘነበው ውሃ የትም ሳያርፍ ይወርዳል። ሰፈራችን ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ጉም ካረፈ እናቶች ልጆቻቸውን ከወንዝ የሚጠሩት ለዚህ ነው። ደራሹ ሲመጣ መጀመሪያ የድንጋይ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ውሃው ቡኒ ሆኖ ግንድና ቆሻሻ እየገፋ ይደርሳል። እቃ ለማንሳት ጊዜ አይሰጥም። ሌሊት ከሆነማ በቃ።

የድሬዳዋን ጎርፍ የማያስታውስ የለም። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ ዝናቡ በብዛት የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። በከተማዋ የሚያልፈው ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖር፣ ሰው የሚነግድበትና የሚመላለስበት ወንዝ ነው። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ወጡ። የኛ ጅረት ደቻቱን አያክልም፣ ልክ ነው። ነገር ግን ቤቱን ከወንዙ ጋር አጣብቆ የሠራ ቤተሰብ የወንዙ ትንሽነት አያድነውም። ለአንድ ቤት የሚበቃ ውሃ ከመጣ ለዚያ ቤት በቂ ነው።

«እንዲህ ያለ ጎርፍ በ50 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው» ሲባልም እንሰማለን። ይህ አነጋገር ሰውን ያዘናጋል። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው ማለት እንጂ ዘንድሮ ከመጣ 50 ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ቤቱን ሠርቶ 30 ዓመት ቢኖርበት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉ ሲሰላ 45 በመቶ ገደማ ይመጣል። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለልጅ አወርሳለሁ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበ ሰው ይህን ቁጥር ሳይነገረው ፊርማ መፈረም የለበትም።

ሌላው የጣሪያው ውሃ ነው። ፕላኑ ስለዚህ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የዝናብ ውሃ ወደ ጅረቱ ይለቀቃል» ይላል። እስቲ አብረን እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ይህ ደግሞ በኛ ክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ የሚችል ነው፣ 4,000 ሊትር ይሆናል። 20 ቤት ሲሆን 80,000 ሊትር። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ስምንት ጊዜ ሞልታችሁ አንድ ቦታ ላይ እንደ መድፋት ነው። ይህ ጣሪያው ብቻ ነው፤ የግቢው ሲሚንቶና የኮብልስቶኑ መንገድ አልተቆጠረም። ዛሬ ያ መሬት ሣርና ቁጥቋጦ ስለሆነ የተወሰነውን ይመጠዋል፣ የቀረውንም ያዘገየዋል። ቆርቆሮና ኮብልስቶን ግን በደቂቃ ውስጥ ወደ ታች ያቀብሉታል፤ ያውም ወንዙ በሞላበት በዚያው ሰዓት።

ላይኛው ሰፈርም እኮ እየሞላ ነው። በየዓመቱ ጣሪያ ይጨመራል፣ መንገድ ይነጠፋል። ስለዚህ የድሮ ጎርፍ ልክ ለነገው ልክ አይሆንም። አንድ ፕሮጀክት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጅረቱ ግን የሁሉንም ድምር ነው የሚቀበለው። ገምጋሚዎቻችን ይህን ጥያቄ የማኅበሩ ጥያቄ ብቻ አድርጋችሁ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ያለው የጅረቱ ጥያቄ አድርጋችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ፕላኑ ለጎርፉ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው በአንድ በኩል ብቻ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ መደርደር ነው። ጋቢዮን መጥፎ አይደለም፣ በቦታው ከገባ ያግዛል። ግን የወንዝን አንድ ጎን በድንጋይ አጥራችሁ ስታጠቡት ውሃው አይቀንስም። ከፍ ይላል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ ያልታጠረውን ጎን ይበላል። ያልታጠረው ጎን ደግሞ ሰው ያለበት ነው። የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ዕቃ ቤት እዚያ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሀዘን ሲመጣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰፈሩ የሚጠቀምበት ሁሉ። ከጎኑ ሦስት የቆዩ የጭቃ ቤቶች አሉ፤ የሚኖሩባቸውም አቅም የሌላቸው አዛውንቶች ናቸው። አዲሱን ቤት ለማዳን ተብሎ ወንዙ ወደ እነሱ ቢገፋ ማን ነው የሚጠየቀው? ፕላኑ የወዲያ ማዶውን ዳር ጭራሽ አላሳየም። ወረቀቱ ላይ ነጭ ቦታ ነው።

አፈሩም ይታሰብበት። ከታች ያለው ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረት በደንብ ካልወረደ ግድግዳው በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይተረተራል። ከላይኛው በኩል ደግሞ ለመንገድና ለቤት መደብ ተዳፋቱ ሊቆረጥ ነው። ደሴና አካባቢዋ በመሬት መንሸራተት የምትታወቅ ናት፣ ለናንተ አልነግራችሁም። የተዳፋት እግር ሲቆረጥ ላይኛው አፈር የሚደገፍበት ያጣል፤ ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት «የጣሪያውን ውሃ ጉድጓድ ቆፍረን መሬት እናስመጥጠው» የሚለው ሌላ ቦታ የሚሠራ መፍትሔ እዚህ ያለ ጥናት ባይሞከር ይሻላል። ውሃውን በግንብ ቦይ፣ ደረጃ ደረጃ እያደረጉ ፍጥነቱን ሰብሮ ማውረድ ነው የሚያዋጣው። ከየቤቱ ሥር ሮቶ ቢቀመጥም የመጀመሪያውን ውሃ ይይዛል፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ውሃው ራሱ ይፈለጋል።

ስለ ፍሳሽ በአጭሩ። የሽንት ቤት ጉድጓዶቹ በሙሉ ከየግቢው ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ተሰምረዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ፍሳሽ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ግን በታችኛው ረድፍ ላይ ዝቅተኛው ጫፍ ማለት የጅረቱ አፋፍ ነው። ጉድጓድ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። እዚህ ርቀቱ 30 ሜትር የሚደርስ አንድም የለም። ክረምት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ሲል ጉድጓዱ ከታች ይሞላል፣ ከላይ ይፈስሳል። ከኛ በታች በዚያው ውሃ ጎመንና ካሮት የሚያለሙ አሉ፤ ጎመኑን መልሰን የምንበላው እኛው ነን። ከዚያ ቦርከና ይቀበለዋል፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከሚሴን አልፎ ጨፋን አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። በመንገዱ ሁሉ ሰውና ከብት ይጠጣዋል።

መንገዷንም አትርሷት። ከላይኛው ሰፈር ወደ ምንጩ የምትወርደው የእግር መንገድ በፕላኑ ላይ የለችም፤ በሁለት ግቢዎች አጥር ተውጣለች። ቧንቧ በጠፋ ጊዜ ሰፈሩ ጄሪካን ይዞ የሚወርደው በዚያች ነው። ትመለስ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ የታችኛው ረድፍ ቢነሳ የማኅበሩ አባላት ቤት ያጣሉ ማለት አይደለም። ላይኛው በኩል ያለው መሬት ረጋ ያለ ነው። እዚያ በየግላቸው አጥረው ከተበታተኑ ቪላዎች ይልቅ ግድግዳ የሚጋሩ ጂ+1 ቤቶች በረድፍ ቢሠሩ ሁሉም አባል ይደርሰዋል ብዬ አምናለሁ፤ በአጥርና በግቢ የሚባክነው መሬት ይተርፋል፣ የመሠረትና የጣሪያ ወጪም ይቀንሳል። ይህን በወረቀት ላይ መሞከር የአንድ አርክቴክት ጥቂት ቀን ሥራ ነው። ወንዙ ዳር የሚተርፈው መሬት ደግሞ ባዶ አይቅር፤ ባዶ መሬት ወይ ቆሻሻ መድፊያ ይሆናል ወይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። አሀያና ሸምበቆ ይተከልበት፣ ያሉት ሾላዎች ይጠበቁ፣ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል። የሰፈሩ ወጣቶች ለመትከልም ለመጠበቅም ፈቃደኛ መሆናቸውን ተናግረዋል፤ እኔም አብሬያቸው አለሁ።

ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብን በቀጥታ በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ እንዲመክርበትና አስተያየቱን እንዲሰጥ ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፣ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ፣ የሕንፃ አዋጅም አለ። «ለ20 ቤት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል» ይባል ይሆናል። የፕሮጀክቱን ትንሽነት ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም ቦታ ተመልከቱ ነው የምለው። ሜዳ መሀል የሚሠራ 20 ቤትና ደራሽ በሚወርድበት ዳር የሚሠራ 20 ቤት አንድ ዓይነት ምርመራ አይበቃቸውም።

ለማኅበሩ አባላት፣ እናንተ ወንድሞቼና እህቶቼ ናችሁ። ነገ ጎረቤቴ ትሆናላችሁ፣ በአንድ ቅሬ እንቀባበራለን፣ ልጆቻችን አብረው ይማራሉ። ይህን የምጽፈው እንድትቀሩ አይደለም። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የታችኛው ረድፍ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅምና ዛሬ ሁላችሁም እኩል ናችሁ፤ አብራችሁ ፕላኑ ይስተካከል ለማለት አመቺው ጊዜ አሁን ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ ግን የላይኛው «እኔን አይነካኝም» ይላል፣ የታችኛው ብቻውን ይቀራል። ሲሚንቶና ብረቱ ከተገዛ ወዲያ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ አይመለስም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው ነውና እባካችሁ ሥራ አመራራችሁን ጠይቁ።

አሁን ግንቦት ነው። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። የምንጠይቀው መዘግየት ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ባለሙያ ልካችሁ ውሃው የደረሰበትን በሁለቱም ዳር በችካል ምልክት አስደርጉ፤ ፕላኑም ከዚያ ምልክት ተነስቶ እንደገና ይሰመር፣ የማዶው ዳር፣ የሽንት ቤት ጉድጓዶቹና የጣሪያው ውሃ መውረጃ ተጨምሮበት በድጋሚ ለሕዝብ ይቅረብ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሆንኩ ሰፈሩ በተስተካከለው ፕላን ላይ እንቅፋት አንሆንም።

በምትመጡበት ቀን የቅሬያችን ዳኛና ወጣቶቹ የእንጨቱ ድልድይ ጋ ይጠብቋችኋል፤ ውሃው በየክረምቱ እስከየት እንደደረሰ ቤት ለቤት እየጠቆሙ ያሳዩአችኋል። ቦት ጫማ ይዛችሁ ኑ፣ ጭቃው ከባድ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ
ደሴ፣ ወሎ